ሃያ ሦስተኛው ሽመላ

ሞግዚቷ የመዋዕለ ሕፃናቱን በር ከያዘች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በእነዚህ ዓመታት አንድም ልጅ ጎድሎባት አያውቅም። ጠዋት ወላጅ ልጁን ይዞ ሲመጣ መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ስንት ሰዓት እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ። «ትንሽ ያስለዋል።» «ቁርሱን አልጨረሰም።» «ከእህቱ ጋር ተጣልቶ ነው የመጣው፤ ዛሬ ባትነኩት ይሻላል።» ከዚያ ሞግዚቷ ትፈርማለች። ልጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ከዚያው መስመር ዳር ባለችው ባዶ ቦታ ላይ የወሰደው ሰው ይፈርማል። ያቺ ባዶ ቦታ እስክትሞላ ድረስ ልጁ የሞግዚቷ ነው። ቢያለቅስ የእሷ፣ ቢወድቅ የእሷ፣ ቢጠፋ የእሷ።

«መስመር ሳይዘጋ ቤቴ አልገባም» ትላለች። ወላጆቹ «የበሯ እናት» የሚሏት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ አንድ አባት ልጁን ወስዶ ሳይፈርም ቢሄድባት፣ መዝገቡን ብብቷ ሥር ወትፋ ቤቱ ድረስ ተከትላዋለች። ሰውየው ፎጣ አገልድሞ፣ ሳሙናው ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ ነው የፈረመላት።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጫት ነበር። ለአሥር ዓመት መዝገቡን የምትጽፍላት ምግብ አብሳይዋ ነበረች። ሞግዚቷ በቃሏ ትናገራለች፤ አብሳይዋ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ትጽፋለች፤ ከዚያ ሞግዚቷ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ታትማለች። አምና ግን አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጇ «እማዬ፣ ጣትሽ እስኪያልቅ ልትጠብቂ ነው?» አለችና እየጎተተች ወስዳ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት አስመዘገበቻት።

አሁን ትጽፋለች። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ሕፃን መንገድ እንደሚያሻግር ሰው በየፊደሉ ግራ ቀኝ እያየች ነው የምትጽፈው፤ ቢሆንም ትጽፋለች። ባለፈው ቅዳሜ መምህርቷ «በዚህ ሳምንት ከእኔ ሌላ ሰው የሚያነበው ነገር ጻፉ» ብላ የቤት ሥራ ሰጠች። አጠገቧ የሚቀመጠው የጋራዥ ዘበኛ በዚያው ዕለት በሩ ላይ «እዚህ ማቆም ክልክል ነው» ብሎ ጽፎ፣ የመጀመሪያው አንባቢ እዚያው ያቆመው የገዛ አለቃው ሆኖበታል። ሞግዚቷ ግን ከበሩ መዝገብ ሌላ ምን እንደምትጽፍና የት እንደምትጽፍ ጠፍቷት ስታወጣ ስታወርድ አደረች።

በማግስቱ እሑድ ልጇ ወደ ግድቡ ይዛት ሄደች። ልጅቷ የትምህርት ቤቷ የወፍ ክበብ አባል ናት፤ መጸው በገባ ቁጥር እሑድን የምታሳልፈው ሽቅብ አንጋጣ ነው። በዚህ ወቅት ከቀዝቃዛው አገር ወደ ሞቃቱ የሚሄዱ ወፎች በከተማው ዳር ያልፋሉ። ግድቡ ላይ አርፈው አንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት ይቀመጣሉ። ከውኃው ፊት ለፊት መስኮቷ ሰፊ የሆነ የእንጨት ክፍል አለች። ውስጧ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ወፍራም መዝገብ አለ። ወፍ ያየ ሰው ያየውን ይጽፍበታል። በሳምንቱ መጨረሻ ከየግድቡና ከየሐይቁ የመጣው ጽሑፍ ዋናው ጽሕፈት ቤት ተጠቃሎ «በአካባቢው የታዩ ወፎች» ተብሎ ይታተማል።

መዝገቡን የሚጠብቁት ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ሰው ሁሉ «ቀያሹ» ይላቸዋል። ደረት ኪሳቸው ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካሉ። በሰማያዊው ይጽፋሉ፣ በአረንጓዴው ያረጋግጣሉ፣ በቀዩ ይሰርዛሉ። ቀዩ ቶሎ ቶሎ ያልቃል ይባላል።

ሞግዚቷ መዝገቡን ገለጥ አድርጋ ስታየው ፊቷ በራ። ቀን አለ። ሰዓት አለ። የወፉ ዓይነት፣ ብዛት፣ ሁኔታ፣ ከዚያ ፊርማ። ዳር ላይ ደግሞ አንዲት ባዶ ቦታ ትታያለች። ባዶዋ ቦታ ቀያሹ በሳምንቱ መጨረሻ በአረንጓዴ የሚያረጋግጡባት መሆኗን ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀች። የዘመድ ቤት የገባች ያህል ነው የተሰማት።

«ይሄማ የኛው መዝገብ ነው» አለች።

ከመስኮቱ ማዶ፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ወንዝ የሚሻገሩ ሽማግሌዎች የሚመስሉ ነጫጭ ወፎች ውኃው ውስጥ ቆመዋል። የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር፣ መንቁራቸውና እግራቸው ቀይ ነው።

«እነዚያ ምንድን ናቸው?»

«ሽመላ» አለች ልጅቷ። «ከዚህ ተነስተው የት ድረስ እንደሚሄዱ ብነግርሽ አታምኚም።»

«እናታቸው አብራ አለች?»

«እማዬ።»

«ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ?»

ሦስት ጊዜ ቆጠረቻቸው። ሦስቱንም ጊዜ ሃያ ሦስት መጡ። ከዚያ ተቀመጠችና መጻፍ ጀመረች። ከኋላዋ ትልቅ ቴሌስኮፕ የተሸከመው የጥርስ ሐኪም ተራ እየጠበቀ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግሩ ይቆማል።

«እትዬ፣ ልብ ወለድ ነው እንዴ የምትጽፊው?» አላት።

«ታገሥ ወንድሜ። አምና የኔን መንጋጋ ስትነቅል ቸኩለህ ሥሩን አስቀርተህብኛል።»

ቀያሹ ባርኔጣቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ሳቃቸውን ዋጡ።

ሞግዚቷ «ሁኔታ» በሚለው ቦታ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሁሉም ደህና ናቸው። አንዱ ግራ እግሩን ያነክሳል። ቀኝ ክንፉ ላይ ከጥቁሩ ላባ ሁለት ጎድሏል። ሌሎቹ ሲበሉ ቄጠማው ጥግ ብቻውን ቆሞ ያያል። የሚያጫውተው ይፈልጋል።» ከዚያ ፈረመች። በአውራ ጣቷ ሳይሆን በገዛ ስሟ።

ልጅቷ በትከሻዋ አሻግራ አነበበችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ሰኞ ሥራ ከመግባቷ በፊት ሞግዚቷ ከአውቶቡሱ ሁለት ፌርማታ ቀደም ብላ ወርዳ በግድቡ በኩል አለፈች። ሃያ ሦስት ናቸው። ማክሰኞም አለፈች። ቆጠረች፤ ሃያ ሁለት። ዓይኗን ጨፍና ገለጠችና እንደገና ቆጠረች፤ ሃያ ሁለት። ወደ ቄጠማው ጥግ አየች፤ የሚያነክሰው የለም።

የዚያን ዕለት መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ልጆቹን እየመላለሰች ስትቆጥር፣ አብሳይዋ «ምነው፣ ሊሸጡ ነው እንዴ?» አለቻት።

እቤቷም እህል አልወርድላት አለ።

«እማዬ፣ ወፍ እኮ ነው» አለች ልጅቷ። «ወፍ ይበራል።»

«ልጅም ይሮጣል። ሮጠ ተብሎ ይተዋል?»

«ያንቺ አይደለም እኮ።»

«ፈርሜበታለሁ» አለች ሞግዚቷ። «ሃያ ሦስት ብዬ ፈርሜያለሁ። ዳር ያለችው ቦታ ባዶ ናት፤ በዓይኔ ነው ያየኋት። ማንም አልተረከበኝም።»

ልጅቷ ይሄኔ ነው ነገሩ የገባት። የእናቷን ስህተት ልታስረዳት አፏን ከፈተች፤ ግን ከየት እንደምትጀምር ጠፋትና መልሳ ዘጋችው። እናቷ ከጀመረች ማንም እንደማይመልሳት ታውቃለች።

ረቡዕ ከሥራ መልስ ሞግዚቷ ቀያሹ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ አንዱ ጠፍቶብኛል።»

«የትኛው?»

«የሚያነክሰው። እሑድ የጻፍኩት።»

ቀያሹ መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ገለጡ። «እንኳንም መጣሽ፤ እኔም ስለዚህች መስመር ላነጋግርሽ ነበር። እሑድ ዕለት ካንቺ ሌላ ሰባት ሰው ጽፏል። ሰባቱም ሃያ ሁለት ነው ያሉት። ሐኪሙ በዚያ መድፍ በሚያክል ቴሌስኮፑ አይቶ ሃያ ሁለት ነው ያለው።»

«ሃያ ሦስት ናቸው።»

«ልጄ፣ አንዱን ሁለቴ ቆጥረሽ ይሆናል። የሚቆም ነገር አይደለም፤ ይንቀሳቀሳል። ማንም ይሳሳታል።»

«ጋሼ፣ እኔ አርባ ሕፃን የምቆጥረው እየሮጡ ነው» አለች ሞግዚቷ። «ሁለቴ የተቆጠረ ልጅ ማለት ሌላ ቦታ የጠፋ ልጅ ማለት ነው። ሁለቴ አልቆጥርም።»

ቀያሹ ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ። አልከፈቱትም፤ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት እንጂ። «ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ መዝገቡን ዘግቼ እልካለሁ። እስከዚያ ሃያ ሦስተኛው መኖሩን የሚያሳይ ነገር ካመጣሽ ባመጣሽው። ካላመጣሽ እሰርዘዋለሁ። በክፋት አይደለም፤ ደንቡ ነው።»

ሞግዚቷ እስክሪብቶውን አየችው። በዕድሜዋ ሙሉ፣ ከበሩ መዝገብ ውጪ፣ ሰው በሚያነበው ቦታ ላይ የጻፈችው አንድ መስመር ነው። እሱም በቀይ ሊሰረዝባት ነው። ቢሰረዝ ደግሞ ያ የሚያነክስ ወፍ ጠፋ እንኳ አይባልም፤ ከነጭራሹ አልነበረም ሊባል ነው። አንጀቷን የበላት ይሄኛው ነው።

«ስድስት ሰዓት ከመሆኑ በፊት እመጣለሁ» አለች።

ሐሙስ ከሥራ እንደወጣች ልጇን አስከትላ ፍለጋ ጀመረች።

«ልጅ ሲጠፋ መጀመሪያ ውኃ ያለበት ይታያል» እያለች ትፈጥናለች። «ቀጥሎ ሞተር ያለበት። ከዚያ ሰው የሚበላበት።»

«ወፍ ሞተር ምን ያደርግለታል?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

የሕዝብ መናፈሻውን ፏፏቴ አዩ። የትምህርት ቤቱን የውኃ ታንከር ዞሩት። ገበያው ውስጥ ዓሣ የምትሸጠዋን ሴት ጠየቁ፤ ሴትዮዋ «ወፍ ከመጣማ እኔ ነኝ የምፈልግሽ» አለች። በመጨረሻ ጎሚስታው ዘንድ ደረሱ። ጎሚስታው ውኃ ባለበት በርሜል ውስጥ የከተተው የጎማ ከመነዳሪ አረፋ እስኪያወጣ ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል።

«ወንድሜ፣ አንድ ሽመላ በዚህ አላለፈም?»

ሰውየው ቀና አለ። «ምን ለብሷል?»

ልጅቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሞግዚቷ ግን ጥያቄው ተገቢ መሰላት። ልጅ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

«ነጭ። ጫፍ ጫፉ ጥቁር ነው። ግራ እግሩን ያነክሳል።»

«አፍንጫውስ?»

«ቀይ፣ ረጅም።»

«የሚስቴ ወንድም ነው» አለ ጎሚስታው። «ካገኘሽው እዚያው አቆዪልኝ።»

ሞግዚቷ አልሳቀችም። «ይሄ መንገድ ዳር ነው፤ ብዙ ሰው ይቆማል» አለችው። «የሚያልፈውን ሁሉ ጠይቅልኝ።» ይህን ያለችው በር ላይ ለወላጅ በምትናገርበት ድምፅ ነው። ጎሚስታውም ሳያስበው «እሺ እትዬ» አለ።

ዓርብ የባሰ መጣ። ልጅቷ ከክበቡ ልጆች ሰምታ በምሳ ዕረፍት ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሮጠች። በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ሄደዋል። ሃያ ሁለቱም። ሦስት ሰዓት ላይ ተነስተው ወደ ደቡብ ሄዱ።»

ሞግዚቷ የያዘችውን የሕፃን ጫማ ክር አጥብቃ አሰረች። በጣም ከማጥበቋ የተነሳ ሕፃኑ «አመመኝ» አለ። ፈታችለትና እንደገና አሰረችው።

«ጥለውት?» አለች።

«እማዬ፣ እነሱ መቁጠር አይችሉም።»

«ለዚህ እኮ ነው እኛ የምንቆጥረው።»

የመጨረሻው ልጅ ተወስዶ፣ የመጨረሻው መስመር ተዘግቶ ሞግዚቷና ከትምህርት ቤት የተመለሰችው ልጇ ወደ መንገዱ ሲወጡ ጎሚስታው ከማዶ ሆኖ ጎማ መፍቻውን አወዛወዘላቸው። አንድ ባለ ሚኒባስ ነግሮት ኖሯል።

«እትዬ፣ ያ ሰውሽ ላቫጆ ሥራ ጀምሯል አሉ።»

ላቫጆው ከድልድዩ ሥር ነው። ሦስት ሰዎች ሚኒባስ ያጥባሉ። ከኋላቸው፣ የእጥበቱ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ዳር፣ ሽመላው በአንድ እግሩ ቆሟል። ግራውን እግር አጥፎ ደረቱ ውስጥ ከቶታል። አንገቱን ቆልመም አድርጎ፣ ሰዎቹ የሚኒባሱን ጎማ በደንብ ማጠባቸውን የሚከታተል ይመስላል። ቀኝ ክንፉ ላይ ከጥቁሩ ሁለት ላባ ጎድሏል።

ሞግዚቷ ሳታስበው «አንድ» ብላ ቆጠረች።

ከአጣቢዎቹ አንዱ፣ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የጎማ ቦቲ ያደረገው፣ የውኃውን ቱቦ ዘግቶ ወደ እሷ መጣ። «እትዬ፣ ኃላፊውን ፈልገሽ ነው?»

«የምን ኃላፊ?»

«እሱን ነዋ። ማክሰኞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ቆሞ ያየናል። አይሠራም፤ የሚበላው ግን ከሦስታችን ይበልጣል። ታዲያ ኃላፊ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

«ይበላል?» አለች ሞግዚቷ። «ምን ይበላል?»

«ቦዩ እንቁራሪት ብቻ ነው። ጠዋት አራት፣ ከምሳ በኋላ ሦስት። እኛ ስናርፍ ደግሞ ደስ አይለውም፤ መንቁሩን ያንቀጫቅጭብናል።»

ሞግዚቷ ቀስ ብላ ወደ ቦዩ ተጠጋች። አምስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ለአራት ቀን ያቃጠላት ነገር ሁሉ በአንዴ ወደ ቁጣ ተለወጠ።

«ሰው እንዲህ ያስጨንቃል?» አለችው። «ሲወጡ አይናገሩም?»

ሽመላው አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ቀጭ ቀጭ ቀጭ አደረገባት።

«ትመልስልኛለህ ደግሞ?»

ልጅቷ በስልኳ ፎቶ እያነሳች ነበር፤ ከሳቋ የተነሳ ግማሹ ተንቀጠቀጠባት።

ሞግዚቷ ግን ገና አልጨረሰችም። ሃያ ሁለቱ ሄደዋል፤ ይሄ እዚህ ነው። እሷ ነገ ትምህርት፣ ሰኞ ሥራ አለባት። ልጅ ደግሞ እንዲሁ ሜዳ ላይ አይተውም። ከቦርሳዋ ደብተሯን አወጣች፣ አንድ ገጽ ቀደደችና በሚኒባሱ ኮፈን ላይ ዘርግታ መጻፍ ጀመረች። አጣቢዎቹ ከበቧት። ስትጨርስ ለባለቦቲው ሰጠችው።

እሱም ጮክ ብሎ አነበበው። «አንድ ሽመላ። ግራ እግሩን ያነክሳል። የምግብ ፍላጎቱ ጥሩ ነው። ጠባዩ ትንሽ ኃይለኛ ነው። የተረከበው...» ቀና አለ። «የተረከበው ማነው?»

«አንተ ነህ።»

«እኔ?» ቦቲውን አየ፣ ጓደኞቹን አየ። «እትዬ፣ ባለፈው ፈርመህ ተረከብ ያሉኝ የውኃ ፓምፕ ነበር። ጠፍቶብኝ እስከ ዛሬ ነገሩ አልበረደም።»

«ከማክሰኞ ጀምሮ ማን ጋ ነው የዋለው?»

«እዚህ ነው ግን...»

«ማን ነው የሚበላውን የቆጠረለት? ጠዋት አራት፣ ከምሳ በኋላ ሦስት ያልከው ማነው?»

ባለቦቲው ራሱን አከከ። ጓደኞቹ ቀስ ብለው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። «ተነስቶ ቢበርስ?»

«ሲሄድ ሰዓቱን ትጽፋለህ። በየት በኩል እንደሄደ፣ ከማን ጋር እንደሄደ። ከዚያ ታሳውቀኛለህ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩህም።»

«ብቻ ፓምፕ አይደለም» አለ ባለቦቲው፤ ፈረመ። የሳሙና አረፋ የያዘ የአውራ ጣቱ አሻራም ሳይፈልግ ከፊርማው ጎን ታተመ። ሞግዚቷ በዚህ በጣም ደስ አላት፤ ከሁለት አንዱ ይሠራል ስትል አሰበች። ወረቀቱን በሁለት ገልብጣ አንዱን ቅጂ ለእሱ ተወችለት።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ከግድቡ ክፍል ደረሰች። ቀያሹ መዝገቡን ይደምራሉ፤ ሐኪሙ ቴሌስኮፑን ይጠርጋል። ልጅቷ ፎቶዎቹን በስልኳ አሳየች። ቀያሹ ያልተንቀጠቀጠውን መርጠው ስልኩን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው ላባውን ቆጠሩ። ከዚያ የሞግዚቷን ወረቀት አነበቡ። አንድ ጊዜ አነበቡት፤ ሁለተኛ ጊዜ ለሐኪሙ ጮክ ብለው አነበቡለት።

ሐኪሙ «ጠባዩ ትንሽ ኃይለኛ ነው» የሚለው ላይ ሲደርሱ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ስቆ ስቆ ሲያበቃ ግን ዓይኑን ጠረገና ጠየቀ። «እሺ እትዬ፣ የምሬን ነው። እኔ በዚህ ቴሌስኮፕ ያላየሁትን አንቺ እንዴት አየሽው?»

«አንተ ከየት ጀምረህ ነው የቆጠርከው?»

«ከመሀል። ብዙዎቹ ያሉት መሀል ነው።»

«የመሀሉ የትም አይሄድም» አለች ሞግዚቷ። «የሚጠፋው የዳሩ ነው። እኔ ከዳር ነው የምጀምረው።»

ሐኪሙ ቴሌስኮፑን አነሳና ወደ ቄጠማው ጥግ አዞረ፤ አሁን እዚያ ማንም የለም።

ቀያሹ ቀዩን እስክሪብቶ ወደ ኪሳቸው መለሱ። አረንጓዴውን አወጡ፣ በዚያች ባዶ ቦታ ላይ ፈረሙና ወረቀቷን በመርፌ ቁልፍ ከገጹ ጋር አያያዙ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ መፈረም አየሁ ማለት ነው። ተረከብኩ ማለት አይደለም። ማንም አይጠይቅሽም።»

ሞግዚቷ ይህን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ፈጀባት። ልጇን አየች፤ ልጅቷ «ልነግርሽ ነበር» በሚል ፊት መሬት መሬቱን ታያለች።

«ታዲያ እኛ ዘንድ የሚጠየቀው ያየው ሰው ነው» አለች ሞግዚቷ። «ያላየውማ ምን ተብሎ ይጠየቃል?»

ቀያሹ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ።

«ሃያ ሁለቱስ?» አለች። «ከዚህ ወጥተው የት ገቡ?»

«ከታች ካለው ግድብ ትናንት ደውለውልኛል። አሥር ሰዓት ላይ ሃያ ሁለት ሽመላ አርፏል ብለው መዝግበዋል።»

«ፈርመዋል?»

«ፈርመዋል።»

«ተረክበዋላ» አለች፤ ቦርሳዋን አነሳችና ወደ ትምህርቷ ሄደች። ቀያሹ የተሳሳተችበትን ቦታ ሊያሳዩዋት በሩ ድረስ ተከተሏት፤ ደፉ ላይ ሲደርሱ ግን የትኛው ቦታ እንደሆነ ራሳቸውም ጠፋቸው።

ማክሰኞ ወላጆች ልጆቻቸውን በሚወስዱበት ሰዓት የመዋዕለ ሕፃናቱ በር እንደ ወትሮው ሰልፍ ነበር። ከሰልፉ መሀል አንድ ቦቲ ያደረገ ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። የሚያልፍበት ሁሉ ውኃ ይቀራል። ተራው ሲደርስ ባለቦቲው ለሁለት የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«እትዬ፣ ሄደ።»

ሞግዚቷ እርሳሷን አስቀመጠች። «መቼ?»

«ዛሬ አራት ሰዓት ከሩብ። ጽፌዋለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«እንዳንቺው ያሉ... ይቅርታ፣ እንደሱው ያሉ ነጫጮች መጡ። አሥራ አንድ ናቸው። ከድልድዩ በላይ ሲዞሩ አያቸውና ተነሳ።»

«አሥራ አንዱን ታውቃቸዋለህ?»

«ከየት አውቃቸዋለሁ?»

«ለማያውቁት ሰው ልጅ ይሰጣል?»

ባለቦቲው ባርኔጣውን ጨመደደ። የዘገየ ወላጅ ይመስል ነበር። «እትዬ፣ ደህና ሰዎች ይመስላሉ። ሁለቴ ዞረው ጠበቁት። እኔ እኮ ቱቦውን ጥዬ ድልድዩ ጫፍ ድረስ ሮጫለሁ።»

«እግሩስ? ሲነሳ አስቸገረው?»

«ሁለት እርምጃ አነከሰ። በሦስተኛው መሬቱን ለቀቀ።»

ሞግዚቷ ይህን ጻፈች፤ ቀስ ብላ፣ አንድ ቃል ሳታስቀር። ከኋላ ያለው ሰልፍ ይጉረመረማል። መጨረሻ ላይ ቀና ብላ፣ ሰሞኑን ስትፈራው የኖረችውን የምትጠይቅ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ሳይበላ ነው የሄደው?»

«ኧረ በልቶ ነው» አለ ባለቦቲው። «አምስት እንቁራሪት። አንዱማ ትልቅ ነበር፤ እግሩ ከአፉ ውጪ ቀርቶ ታግሎ ነው የዋጠው።»

ሞግዚቷ በረጅሙ ተነፈሰች። እርሳሷን ሰጠችው፤ ፈረመ፤ መስመሩ ተዘጋ።

ቀጥሎ የቆመው አባት ልጁን ገና ትናንት ነው ያስገባው። የእነሱን ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቶታል። ወደ ግቢው ውስጥ አሻግሮ አየ፣ ባለቦቲውን አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጣም በትሕትና ጠየቃት።

«ይቅርታ እትዬ፣ ይሄ የእንቁራሪት ምሳ ለየትኛው ክፍል ነው?»